በረንዳን ሰው የሚቀመጥበት ማድረግ፦ ከባዶ ወለል እስከ መብራትና ተክል

«በረንዳችንን በምን ብናስጌጠው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። አብረውት የሚላኩት ፎቶዎችም ይመሳሰላሉ። ወንበር አለ፣ አበባ አለ፣ አንዳንዴ ምንጣፍም ተነጥፏል፤ የተቀመጠ ሰው ግን የለም። እንዲህ ባለ በረንዳ ላይ ችግሩ የጌጥ ማነስ ሆኖ አይገኝም። ወይ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ወይ ዝናቡ በጎን ይረጫል፣ ወይ ብርጭቆ የሚያሳርፉበት ነገር በእጅ ርቀት የለም። ስለዚህ እዚህ ጌጡ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ፀሐይና ውሃ ይቀድማሉ፤ ከዚያ ወለል፣ ጥላ፣ መቀመጫ፣ ጨርቅ፣ መብራትና ተክል ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ሰው ሥራውን ሁለቴ ይሠራል፤ ግድግዳ ሲበሳ የሚወርደው አቧራና ሲቀባ የሚንጠባጠበው ቀለም ቀድሞ የገባውን ዕቃ ያበላሻል።

ከታች ያሉት ልኮች 2 በ4 ሜትር ለሚሆን በረንዳ (8 ካሬ ሜትር) የተሰሉ ናቸው። የእርስዎ ከጠበበ ወይም ከሰፋ ቀለሙን፣ ጨርቁንና ምንጣፉን በዚያው መጠን ያስተካክሉ። የመተላለፊያና የከፍታ ልኮቹ ግን ከሰው አካል የተነሱ ስለሆኑ በረንዳው ምንም ያህል ቢሆን አይለወጡም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 5 ሜትር የሚሆን ሜትር፣ ጠመኔ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ውሃ ልክ፣ ቀጥ ያለ የ1 ሜትር ጣውላ
- ባልዲ፣ ጠንካራ ቡሩሽ፣ የዱቄት ሳሙና
- የውጭ ወለል ቀለም እስከ 3 ሊትር (አንድ ሊትር እንደ ወለሉ ሸካራነት ከ6 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሁለት ዙር ይቀባል)፣ ፕራይመር ከ1 እስከ 1.5 ሊትር፣ ሮለርና የጠርዝ ቡሩሽ
- ኮንክሪት የሚበሳ ድሪል፣ የ8 ሚሊ ሜትር መብሻ፣ የ8 ሚሊ ሜትር ፊሸር (ብሎኑን እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ) ከማይዝግ ብሎን ጋር
- የመጋረጃ ዘንግ (አልሙኒየም ወይም የማይዝግ ብረት)፣ ስፋቱ የክፍተቱን እጥፍ የሚሆን የውጭ ጨርቅ
- ለሦስት ወይም ለአራት ሰው መቀመጫ፣ አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ አንድ ትንሽ የጎን ጠረጴዛ
- ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ የውጭ ምንጣፍ፣ 1.60 በ2.30 ሜትር
- ከአይፒ 44 ያላነሰ መከላከያ ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት መብራቶች (አይፒ ዕቃው አቧራንና ውሃን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር ነው)፣ ኤልኢዲ አምፖል 2700 ኬልቪን (ቢጫ ያዘነበለ ብርሃን)
- አፋቸው 30 ሳንቲ ሜትር (ሳ.ሜ) እና ከዚያ በላይ የሆነ ከሦስት እስከ አምስት የተክል ማሰሮ፣ የማሰሮ አፈር

ጨርቁን፣ ምንጣፉንና ወንበሩን አሁን አይግዙ። ልካቸው የሚታወቀው አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ነው።

1. ፀሐዩንና ነፋሱን ይመዝግቡ

ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይታዘቡ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የጥላው ጠርዝ የደረሰበትን ቦታ በጠመኔ ወለሉ ላይ ያስምሩና ሰዓቱን ይጻፉበት። መቀመጫው የት እንደሚሆን፣ መጋረጃው በየትኛው ጎን እንደሚወርድ፣ የትኛው ተክል የት እንደሚኖር የሚወስኑት እነዚህ ሦስት መስመሮች ናቸው።

የ10 ሰዓቱን መስመር በተለይ ልብ ይበሉ። ወደ ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ላይ የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብሎ በጎን ስለሚገባ ጣራ አያግደውም፤ የሚያግደው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መጋረጃ ወይም የተንጠላጠለ ሐረግ ነው። የሚያስቸግረው የቀትር ፀሐይ ከሆነ ደግሞ መጋረጃ ምንም አይሠራም፤ ከላይ የተወጠረ ሸራ ያስፈልጋል። ይህን ሳያዩ ጥላ የገዙ ሰዎች ናቸው በኋላ «ጥላ ሠርተን ፀሐዩ አልቆመም» የሚሉት።

ነፋሱን ለማወቅ ከምሰሶ ወይም ከአጥሩ ላይ ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ አስረው ወደየት እንደሚያዘም ይዩ። ከዚያ በረንዳውን ወረቀት ላይ ይሳሉት፤ እያንዳንዱን 1 ሜትር በ5 ሳ.ሜ ከወከሉት 2 በ4 ሜትሩ 10 በ20 ሳ.ሜ ሆኖ አንድ ገጽ ላይ ይገባል። በር ወደየት እንደሚከፈት፣ ሶኬት፣ የፍሳሽ ቀዳዳ፣ ምሰሶ፣ ሁሉም ይስፈር።

2. ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያረጋግጡ

አንድ ባልዲ ውሃ ከግድግዳው ሥር ቀስ አድርገው ያፍስሱ። ውሃው በራሱ ከቤቱ ርቆ ወደ ውጭ ወይም ወደ ፍሳሽ ቀዳዳው መፍሰስ አለበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ካለ በጠመኔ ያክብቡት። ምንጣፉ፣ የእንጨት ወንበሩና ማሰሮው የሚበሰብሱት እዚያ ላይ ነው።

ተዳፋቱን ለመለካት የ1 ሜትሩን ጣውላ አንዱን ጫፍ ግድግዳው ሥር አሳርፈው ወደ ውጭ ይዘርጉት። ውሃ ልኩን ከላዩ አድርገው አረፋው መሐል እስኪገባ ድረስ የውጭውን ጫፍ ያንሱ። አሁን ከወለሉ እስከ ጣውላው ሥር ያለው ክፍተት የተዳፋቱ ልክ ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሳ.ሜ ከሆነ ጥሩ ነው። ወለሉ ወደ ቤት ካዘነበለ ግን እዚህ ያቁሙ። በምንጣፍም በጣውላም ሸፍኖ ማለፍ ችግሩን ይደብቀዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ውሃው በበሩ ሥር መግባቱን ይቀጥላል፣ የሚያየው ሰው ግን አይኖርም። ወለሉ በባለሙያ እንደገና ተዳፋት ወጥቶለት መለሰን ይኖርበታል። ትንንሽ ጉድጓዶችን በሲሚንቶ መጠገኛ ራስዎ መሙላት ይችላሉ።

አሸንዳውንም ያጽዱ። ቅጠል የዘጋው አሸንዳ ሞልቶ የሚፈሰው ልክ በመቀመጫው ጠርዝ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከታች ክፍል ያለው የፎቅ በረንዳ ከሆነ ወለሉን በፍጹም አይብሱ። ከሴራሚኩ ወይም ከሲሚንቶው ሥር ውሃ የሚያግድ ሽፋን ስላለ አንዲት ቀዳዳ ለታችኛው ጣራ መንጠባጠቢያ ትሆናለች።

3. ወለሉን ያሰናዱ

ሲሚንቶ ወለል። በሳሙናና በጠንካራ ቡሩሽ ይፈትጉ፣ ያለቅልቁ፣ ቢያንስ ሁለት ደረቅ ቀን ይተዉት። ከዚያ 45 በ45 ሳ.ሜ የሚሆን የፕላስቲክ ቁራጭ ወለሉ ላይ አድርገው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉ። በማግስቱ ሲያነሱት ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ሲሚንቶው ጠቁሮ ከታየ እርጥበት ከታች እየመጣ ነው፤ ቀለም ቢቀቡት በወራት ውስጥ ተነፍቶ ይላጣል። አዲስ የተሞላ ሲሚንቶ ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው አይቀባም።

ደረቅ ከሆነ አንድ ዙር ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለት ስስ ዙር ቀለም ይቀቡ። አንዱ ወፍራም ዙር የሁለት ስስ ዙር ምትክ አይሆንም፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ ለስላሳ ስለሚቀር የወንበር እግር ያነሳዋል። ለወለል የሚሸጡ ቀለሞች ብዙዎቹ ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ። ስለዚህ በመጨረሻው ዙር ውስጥ ለማያንሸራትት ወለል የተዘጋጀ ደቃቅ አሸዋ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን ይቀላቅሉና እየቀቡም ያማስሉት፤ አሸዋው ሥር ይዘቅጣልና። ለመራመድ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደርሳል፣ ከባድ ዕቃ ለማስቀመጥ ግን አንድ ሳምንት ይጠብቁ።

እንጨት ወለል። እያንዳንዱን ጣውላ ጫፉ ላይና ሚስማሩ አጠገብ በካቻቪቴ ጫን አድርገው ይውጉት። ካቻቪቴው ሳይታገል ከገባ ጣውላው በስብሷል፤ ይቀየር። የቀረውን በ80 ቁጥር ከዚያ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው የውጭ እንጨት ዘይት ይቀቡ። ከ120 በላይ ማለስለስ ዘይቱ እንዳይሰርግ ያደርጋል። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሊነድ ይችላል፤ ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ሴራሚክ ከሆነ ማጠብ ይበቃል። ቤቱ የኪራይ ከሆነና መቀባት ካልተቻለ ደግሞ እርስ በርስ የሚጋጠሙ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ንጣፎች ያለ ሙጫ መዘርጋት ይቻላል። ከግድግዳ 1 ሳ.ሜ ክፍተት ይተዉላቸው፤ ፀሐይ ላይ ስለሚሰፉ ክፍተት ካጡ መሐላቸው ተነስቶ ይጎብጣል። የፍሳሽ ቀዳዳው ላይ ያለችው ንጣፍ በቀላሉ የምትነሳ መሆን አለባት።

4. አቀማመጡን በፕላስተር ወለሉ ላይ ይሳሉ

ከሁሉም ደረጃ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው፤ ምንም ወጪ የለውም፣ ስህተቱም ገና ያልተገዛ ነው። ሊገዙ ያሰቡትን የእያንዳንዱን ዕቃ ልክ በወረቀት ፕላስተር ወለሉ ላይ አስምረው አንድ ቀን ይዋል። በሩን ይክፈቱ፣ ዕቃ ተሸክመው ይለፉ፣ ካለዎት ወንበር አንዱን አምጥተው ይቀመጡበት።

የማይጣሱት ልኮች እነዚህ ናቸው። ከበሩ ወደ ደረጃው ወይም ወደ ሌላው ጫፍ የሚወስደው መተላለፊያ ከ80 እስከ 90 ሳ.ሜ ክፍት ይሁን። ከዚህ ከጠበበ ሰው ወደ ጎን ዞሮ ያልፋል፤ ወደ ጎን ዞሮ የሚታለፍበት በረንዳ ቶሎ የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። በመቀመጫውና በዝቅተኛው ጠረጴዛ መሐል ከ40 እስከ 45 ሳ.ሜ ይተዉ። ቢጠብ ጉልበት ይመታል፣ ቢሰፋ ብርጭቆ ለማንሳት ከወገብ መጎንበስ ይጠይቃል። የመመገቢያ ጠረጴዛ ከሆነ ወንበር ወደ ኋላ ተስቦ ሰው እንዲነሳ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጀርባ 75 ሳ.ሜ ያስፈልጋል። ፊት ለፊት የሚቀመጡ ሰዎች ከ2.5 ሜትር በላይ አይራራቁ፤ ከዚያ ሲያልፍ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይጀመራል፣ ጨዋታውም ለሁለት ይከፈላል።

በረንዳው ከ1.5 ሜትር የጠበበ ከሆነ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይቅር። ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ጥልቀቱ 45 ሳ.ሜ የሆነ አግዳሚ ወንበር በረጅሙ ግድግዳ ማስጠጋት ነው። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ የሚሻለው፣ መቀመጫውን በአንዱ ጠባብ ጫፍ ላይ በኤል ቅርጽ መሥራት ነው፤ ሰዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው መንገድ የሚያዩ ሳይሆን በማዕዘን የሚተያዩ ይሆናሉ፣ መተላለፊያውም አይዘጋም። ጠረጴዛው ከግድግዳ የሚታጠፍ ዓይነት ይሁን።

በሁሉም አቀማመጥ ላይ አንድ ፈተና ያድርጉ፦ እያንዳንዱ የተቀመጠ ሰው ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ ዕቃ የሚያሳርፍበት ነገር ይደርስበታል? ካልደረሰ ትንሽ የጎን ጠረጴዛ ይጨመር። ሌላው የመቀመጫው ጀርባ ነው። ጀርባው ወደ በር ወይም ወደ ደረጃ የዞረ ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ይቀራል፤ ሰው ከኋላው ማን እንደሚመጣ ሳያይ አይዝናናም። ጀርባው ግድግዳ ወይም ትልቅ ተክል ይያዝ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሕፃናት ባሉበት ቤት መቀመጫ፣ ጠረጴዛም ሆነ ማሰሮ ከአጥሩ (ከመከላከያው ብረት) አጠገብ አይደረግ። 45 ሳ.ሜ ከፍታ ያለው ወንበር የ1 ሜትሩን አጥር ለሚወጣ ልጅ 55 ሳ.ሜ ያደርገዋል።

5. ጥላና ከለላ ይሥሩ

በመጀመሪያው ደረጃ ያገኙት የፀሐይ አቅጣጫ ምርጫውን ይወስናል። የጎን ፀሐይና የጎረቤት ዓይን ለመከለል መጋረጃ ወይም የቀርከሃ ጥቅል፣ የቀትር ፀሐይ ለመከለል የተወጠረ ሸራ።

መጋረጃ ሲሰቅሉ ዘንጉን ቢበዛ በየ1.2 ሜትሩ በመያዣ ይደግፉት፤ እርጥብ ጨርቅ ከባድ ስለሆነ ከዚህ ከራቀ ዘንጉ መሐሉ ላይ ይጎብጣል። ግድግዳው ሲበሳ መብሻውና ፊሸሩ እኩል ውፍረት ይኑራቸው። ቀዳዳው ከፊሸሩ 1 ሳ.ሜ ያህል ይጥለቅ፤ ከውስጡ ያለውን አቧራ ነፍተው ያውጡ። አቧራው ከቀረ ፊሸሩ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ የገባ ቢመስልም ጭነት ሲያርፍበት ይወጣል። ባዶ ብሎኬት ላይ አጭር ፊሸር ይሽከረከራል እንጂ አይይዝም፤ ለባዶ ብሎኬት የተሠራ ረጅም ፊሸር ይጠቀሙ። ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ባለው መስመር ላይ አይብሱ፤ የተቀበረ ገመድ የሚያልፈው እዚያ ነው።

ጨርቁ ተሰብስቦ እንዲወርድ የክፍተቱን እጥፍ ስፋት ይኑረው። ታችኛው ጠርዝ ከወለል 3 ሳ.ሜ ከፍ ይበል፤ ወለል የነካ መጋረጃ ውሃ እየሳበ ከታች ወደ ላይ ይሻግታል። ነፋስ የሚበዛበት ጎን ከሆነ በታችኛው እጥፋት ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት ያስገቡበት፣ ከምሰሶው ጋር የሚታሰርበት ማሰሪያም ይኑረው።

ሸራ መወጠር ግን ሌላ ነገር ነው። ነፋስ ሲመታው ሸራው ማዕዘኖቹን የሚጎትትበት ኃይል ከክብደቱ ጋር አይገናኝም። አሸንዳ፣ የአጥር ብረት ወይም የጣራ ጠርዝ ጣውላ ላይ የታሰረ ሸራ አንድ ከባድ ነፋስ ሲመጣ ከነታሰረበት ይነቀላል። ማሰሪያው ኮንክሪት ወይም የቤቱ ዋና እንጨት ላይ በዓይን ብሎን (ጫፉ ቀለበት በሆነ ብሎን) መያዝ አለበት። ውሃ የማያሳልፍ ሸራ ከሆነ በ3 ሜትር ርዝመት ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት ይስጡት፤ አለዚያ ዝናቡ መሐሉ ላይ ያቁራል። ያቆረ ውሃ በየሊትሩ 1 ኪሎ ነው። ከባድ ነፋስ ሲጠበቅ ሸራውን ያውርዱት፤ ስለዚህ በቀላሉ የሚፈታ መንጠቆ ይምረጡ።

6. መቀመጫና ጠረጴዛ ይምረጡ

የመቀመጫው ከፍታ ሰው ሲቀመጥበት ትራሱ ተጫኖ ከ40 እስከ 45 ሳ.ሜ ይሁን። አረጋውያን የሚቀመጡበት ከሆነ ወደ 45ቱ ያዘንብሉ፤ ዝቅ ካለ መቀመጫ መነሳት ለጉልበት ከባድ ነው። የዝቅተኛው ጠረጴዛ ከፍታ ከመቀመጫው ከ5 ሳ.ሜ በላይ ከፍም ዝቅም አይበል።

ስለ ዓይነቱ፦ ቀለም በዱቄት የተጋገረበት አልሙኒየም አይዝግም፣ ቀላልም ነው፤ ነፋስ ግን ያንቀሳቅሰዋል። ተራ ብረት ጠንካራ ነው፤ ዝገቱ የሚጀምረው የተበየደበት ቦታና የጎማ እግሩ ውስጥ ስለሆነ ሲገዙ ጎማውን አውጥተው ውስጡ መቀባቱን ይዩ። እንጨት ከሆነ ብሎኖቹ የማይዝጉ ይሁኑ፣ እግሮቹም ውሃ እንዳይስቡ ሥራቸው ላይ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቁራጭ ይመታ። ለቤት ውስጥ የተሠራ ኮምፔንሳቶ ወይም ቺፑድ ውጭ አንድ የዝናብ ወቅት አይዘልቅም፤ ጠርዙ እርጥበት ስቦ ይነፋል።

የሚንጠለጠል ወንበር ከፈለጉ ከኮርኒስ ላይ አይስቀሉት። ኮርኒሱ የሚሸከመው ራሱን ብቻ ነው። ከላዩ ያለው ዋና እንጨት ወይም ኮንክሪት ውስጥ በገባ፣ ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ባላነሰ የዓይን ብሎን ይያዝ። እንጨት ከሆነ ብሎኑ ከላይ አልፎ በሮንዴላና በዳዶ ይታሰር። መወዛወዝ ጭነቱን ከሰውየው ክብደት በላይ ስለሚያደርገው ለማያያዣዎቹ የተጻፈው የመሸከም አቅም የተቀማጩን ክብደት ደጋግሞ የሚበልጥ መሆን አለበት። ከኋላና ከፊትም ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ ባዶ ቦታ ይኑረው።

7. ትራስና ምንጣፍ

የቤት ውስጥ ትራስ ውጭ የሚበላሸው ከውስጡ ነው። ተራ ስፖንጅ ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሸታል። ውሃ የሚያሳልፍ ትልልቅ ቀዳዳ ያለው የውጭ ስፖንጅ ይጠይቁ፤ ለመቀመጫ ውፍረቱ ከ8 እስከ 12 ሳ.ሜ ይሁን። ልባሱ ክሩ ሲሠራ ጀምሮ ቀለም የገባበት አክሪሊክ ከሆነ ፀሐይ ይችላል። ጨርቁን ገልብጠው ይዩ፤ ፊቱ ደማቅ ሆኖ ጀርባው ነጣ ያለ ከሆነ ቀለሙ ላዩ ላይ የታተመ ነው፣ ቶሎ ይወይባል። ዚፑ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ይዙር፣ ከላይ የሆነ ዚፕ ውሃ ያስገባል።

የቀለም ምርጫ ላይ ብዙ አይጨነቁ። ከግድግዳው ጋር የሚሄድ አንድ ዋና ቀለም ለትልልቆቹ ትራሶች፣ አንድ ወይም ሁለት ደማቅ ለትንንሾቹ ከሆነ ይበቃል። ደማቁ ቀለም በትንንሾቹ ላይ እንዲሆን የሚመከረው ሲወይብ ለመቀየር ስለሚቀል ነው።

ምንጣፉ መቀመጫዎቹን አንድ ላይ የሚያስር ነው። ቢያንስ የወንበሮቹ የፊት እግር ይረፍበት፤ መሐል ላይ ብቻዋን የቀረች ትንሽ ምንጣፍ በረንዳውን ይበልጥ አጥብባ ታሳየዋለች። ዙሪያውን ከ20 እስከ 30 ሳ.ሜ ወለል ይታይ፣ የፍሳሽ ቀዳዳውም አይሸፈን። ከዝናብ በኋላ ምንጣፉን አጥፈው ወንበር ላይ ያሳርፉት። በተለይ እንጨት ወለል ላይ ተነጥፎ የሚከርም ምንጣፍ ሥሩን ያጠቁረዋል።

8. መብራት

አብዛኛው በረንዳ ከበሩ በላይ አንድ ነጭ አምፖል አለው። ያ መብራት ቁልፍ ለማግኘት ይጠቅማል፤ ለመቀመጥ ግን ዓይን ይወጋል። ብርሃኑን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ደካማ መብራቶች ይከፋፍሉት፦ አንድ ከግድግዳ ወይም ከላይ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ደረጃው አጠገብ ዝቅ ብሎ። አምፖሉ 2700 ኬልቪን ይሁን። ቢጫ ያዘነበለ ብርሃን ለዓይን ይለሰልሳል፣ ነጭና ሰማያዊ ከሚያዘነብለው ይልቅም ነፍሳትን የሚስበው በጥቂቱ ነው። በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ያለ አምፖል መሸፈኛ ይኑረው።

የአይፒ ቁጥሩን ያንብቡ። ጣራ ሥር ላለ መብራት አይፒ 44 ይበቃል፤ ዝናብ በቀጥታ የሚመታው ከሆነ አይፒ 65 ይፈልጉ። የሚዘረጋ የአምፖል ሰንሰለት ከሆነ መጀመሪያ ቀጭን የማይዝግ ሽቦ ወጥረው ገመዱን በዚያ ላይ ያያይዙት። የኤሌክትሪኩ ገመድ ራሱ ከተወጠረ ከአምፖሎቹ መጋጠሚያ ላይ ይላቀቃል። ዝቅ ያለው ቦታ ከወለሉ 2.2 ሜትር በታች አይውረድ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ውሃ ከታጠፈው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ማስጠንቀቂያ፦ ለቤት ውስጥ የተሠራ ማራዘሚያ ገመድ ውጭ አይዋል፣ በበር ክፍተት እየተጨፈለቀም አይለፍ። የውጭ ሶኬት ክዳን ያለው ይሁን፤ 30 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው። ይህን የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው።

የፀሐይ ኃይል መብራት የሚገዙ ከሆነ ፓነሉ ከመብራቱ የተለየና ገመድ ያለው ይሁን። ጣራ ሥር የተቀመጠ ፓነል ቀን ሙሉ ውሎ ማታ ግማሽ ሰዓት እንኳ ላያበራ ይችላል።

9. ተክል

ከብዙ ትንንሽ ማሰሮ ይልቅ ጥቂት ትልልቅ ይሻላል። ትንሽ ማሰሮ ፀሐይ ላይ በቀን ውስጥ ይደርቃል፣ ለዓይንም ዝብርቅርቅ ይላል። ከፍ ያለ፣ መካከለኛና የሚንጠለጠል አድርገው ሦስቱን በአንድ ማዕዘን ያሰባስቡ።

የጠመኔው መስመር አሁን ይጠቅማል። ፀሐይ በሚውልበት ቡጌንቪላ፣ ጌራኒየም፣ ላቬንደር፣ እሬት፤ ጥላ በሚበዛበት ፈርን፣ ሳንሰቬሪያ፣ ስፓይደር ፕላንት። ቡጌንቪላ እሾህ ስላለው ከመተላለፊያው ይራቅ። ሕፃናት ወይም የቤት እንስሳት ካሉ ኦሊያንደርና ዲፈንባኪያ ቢቀሩ ይመረጣል፤ ሁለቱም መርዛማ ናቸው።

እያንዳንዱ ማሰሮ ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ከሥር ጠጠር መጨመር ቀዳዳን አይተካም፤ ውሃው ከአፈሩ ወደ ጠጠሩ በቀላሉ ስለማይወርድ ረግረጉ ወደ ሥሮቹ ከፍ ይላል እንጂ አይጠፋም። የግቢ አፈርም ማሰሮ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ለማሰሮ የተዘጋጀውን ይጠቀሙ። ከአፉ 3 ሳ.ሜ ዝቅ ብሎ ይሞላ፤ ሲጠጣ ውሃው እንዳይፈስ። ማሰሮው ራሱ በ2 ሳ.ሜ መቆሚያ ከወለል ይነሳ። ውሃ መቼ እንደሚጠጣ በቀን ቆጠራ አይወሰንም፤ ጣትዎን 3 ሳ.ሜ አስገብተው ደረቅ ከሆነ ያጠጡ።

ፎቅ ላይ ክብደቱን ያስቡ። እርጥብ አፈር በሊትር 1.5 ኪሎ ገደማ ቢይዝ፣ 40 ሊትር የሚይዝ ማሰሮ ያለ ማሰሮው ክብደት 60 ኪሎ ነው። ከባዱን ከቤቱ ግድግዳ ወይም ከምሰሶው አስጠግተው ያስቀምጡ፣ ተንጠልጥሎ በወጣው ጫፍ ላይ አይደርድሩ። አጥር ላይ የሚሰቀሉትም ወደ ውስጥ በኩል ይሁኑ።

ብዙ ጊዜ የሚገጥሙ ችግሮችና መነሻቸው

ማታ ትንኝ ሰው አላስቀምጥ ካለ መጀመሪያ የማሰሮዎቹን ሳሕን ይዩ። በሞቃት ወቅት ትንኝ ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃዋል፤ ሳሕኖቹን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይድፉ። ደካማ በራሪ ስለሆነ ወደ መቀመጫው የዞረ ቬንትሌተርም ብዙ ይረዳል።

የወለሉ ቀለም ወንበር በሚንቀሳቀስበት ብቻ ከተላጠ ቀለሙ ሳይደርቅ ዕቃ ገብቶበታል፤ በየቦታው ተነፍቶ ከተላጠ እርጥበቱ ከሥር ነው፣ ደጋግሞ መቀባት ትርፍ የለውም።

በረንዳው ቀን ደስ ብሎ ማታ ከቀዘቀዘ ከነፋሱ ጎን ያለውን መጋረጃ ያውርዱ፣ ብርድ ልብስ የሚቀመጥበት ክዳን ያለው ሣጥን ያዘጋጁ። ሣጥኑ የትራሶቹም ማደሪያ ይሆናል። መጋረጃው የተዘጋ በረንዳ ላይ ከሰል ማንደድ ወይም የጋዝ ማሞቂያ ማስገባት ግን አደገኛ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ሻማም ከጨርቅ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ።

ትራሱ ደርቆም የሚሸት ከሆነ ልባሱን አውጥተው ስፖንጁን በጎኑ አቁመው ያድርቁት። ተኝቶ የሚደርቅ ስፖንጅ ውሃውን ወደ ታችኛው ፊቱ ይልካል፣ በጠርዙ የቆመ ግን በአንድ በኩል አንጠባጥቦ ይጨርሳል።